ትንሹ ኮረብታ ሲዘጋ የሚከስረው ማን ነው?

ነጋዴ ሁሉ የሚሸጠውን ዕቃ አስቀድሞ ይገዛል፤ ወይም ያሠራል፤ ወይም ራሱ ያመርታል። ዕቃው በመጋዘን ሲኖር ጭንቀቱ ገዢ ማግኘት ብቻ ነው፤ ዕቃው ሲያልቅ ደግሞ ወደ አምራቹ ጽፎ ያስመጣል። ነገር ግን ዕቃውን ከሰማይ የሚጠብቅ፣ ሰማዩ በነፈገው ዓመት መጋዘኑ ባዶ ሆኖ የሚያድር፣ ያም ሆኖ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የባንክ ወለድና የኢንሹራንስ ክፍያ ቀኑን ጠብቆ የሚጠየቅ አንድ የንግድ ዓይነት በዓለም ላይ ይገኛል። ይኸውም የስኪ ሜዳ ንግድ ነው።

ስኪ ማለት ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻዎችን ከጫማ ጋር አያይዞ በበረዶ በተሸፈነ ተዳፋት ላይ ቁልቁል መንሸራተት ነው። የስኪ ሜዳ ባለቤት ለደንበኛው የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ሽቅብ የሚያወጣው ማንሻ፣ ሁለተኛው ቁልቁል የሚያወርደው በረዶ። ማንሻው የባለቤቱ ነው፤ በረዶው ግን የእግዚአብሔር ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ጨርሶ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም፤ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪንና በ2010 በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች በረጅም ርቀት ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ቢሆንም ነጋዴን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው የስፖርቱ ነገር ሳይሆን የንግዱ ነገር ነው። በአሜሪካ ትንንሽ የስኪ ሜዳዎች አንድ በአንድ ሲዘጉ ኖረዋል፤ ከመዘጋት የዳኑትም በምን ዘዴ እንደ ዳኑ መመርመሩ ለማንኛውም ባለሱቅ ትምህርት አለው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንግዱ ጅማሬ እጅግ ትሑት ነበር። በ1934 በጃንዋሪ ወር፣ በቬርሞንት ስቴት በዉድስቶክ ከተማ አጠገብ፣ በአንድ ገበሬ የግጦሽ ኮረብታ ላይ የፎርድ አውቶሞቢል ሞተር የሚያዞረው ረጅም ገመድ ተዘረጋ። ተንሸራታቹ ገመዱን በእጁ ጨብጦ ሽቅብ ይጎተታል፤ ከላይ ሲደርስ ለቅቆት ቁልቁል ይወርዳል። በአሜሪካ የመጀመሪያው የስኪ መጎተቻ ገመድ ይህ ነበር። ጥቂት ቆይቶም በኒው ሃምፕሸር ስቴት በጃክሰን መንደር፣ ዛሬ ብላክ ማውንቴን በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ ከሲርስ ሮበክ መደብር የተገዙ የአካፋ እጀታዎች ከገመድ ላይ ተንጠልጥለው ተንሸራታቾቹ እየያዙ ይወጡ ጀመር። የአካፋ እጀታ የሚሸጠው መደብር ዕቃው እንዲህ ላለው ሥራ ይውላል ብሎ ያሰበ አይመስልም፤ ትንሽ ካፒታል ያለው ሰው ግን ያለውን ነገር ለሌላ ጥቅም ማዋልን ያውቃል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህን የመሰለ ኮረብታ ያልነበረው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከተማ ጥቂት ነበር። ገበሬው በበጋ ላም ያሰማራበት መሬት በብርድ ወራት ገንዘብ ያስገባለታል፤ ሥራ የሚፈታው አናጢ ገመዱን ይጠብቃል፤ ሚስቱ ሾርባና ቡና ትሸጣለች፤ የመንደሩ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በጥቂት ሳንቲም ይንሸራተታሉ። በዚህ ዓይነት ስኪ የሀብታም ብቻ ሳይሆን የአናጢና የባለሱቅ ልጅም ጨዋታ ሆነ።

ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። የአሜሪካ የስኪ ሜዳዎች ብሔራዊ ማኅበር ባደረገው ቆጠራ መሠረት በ1982ና በ1983 መካከል በነበረው የበረዶ ወራት 735 የስኪ ሜዳዎች ሥራ ላይ ነበሩ፤ በቅርብ ዓመታት ግን ቁጥራቸው ወደ 480 ገደማ ወርዷል። የተዘጉትን ሜዳዎች ታሪክ የሚሰበስቡ ሰዎች በኒው ኢንግላንድ ስቴቶች ብቻ ከ600 በላይ የጠፉ ሜዳዎችን መዝግበዋል። በብዙዎቹ ላይ ዛሬ ዛፍ በቅሎባቸዋል፤ በአንዳንዶቹም የዛገ የብረት ምሰሶ በጫካ መካከል ቆሞ ይታያል።

ይህን የሰማ ሰው ስኪ ራሱ ከፋሽን ወጥቷል፣ ገበያው ደርቋል ብሎ ይፈርድ ይሆናል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ከ2022 እስከ 2023 በነበረው የበረዶ ወራት ወደ አሜሪካ የስኪ ሜዳዎች የተደረገው ጉብኝት ከ65 ሚሊዮን በልጦ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ቁጥር ሆኗል። ስለዚህ የሞተው ገበያው አይደለም፤ ሱቆቹ ናቸው። ደንበኛው አለ፤ ነገር ግን ከመንደሩ ኮረብታ ተነሥቶ ወደ ታላቁ ተራራ ሄዷል። ገበያ እያደገ የትንሹ ነጋዴ ሱቅ የሚዘጋበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለእያንዳንዱ ነጋዴ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት የአየሩ መለዋወጥ ነው። የብርዱ ወራት እየሞቀ በሄደ መጠን በረዶ ሊወርድ በሚገባው ቀን ዝናብ ይወርዳል። የስኪ ሜዳ ገቢ ደግሞ በወራቱ ሁሉ እኩል የሚከፋፈል አይደለም። ከገና እስከ አዲስ ዓመት ባለው ሳምንት፣ በጃንዋሪ አጋማሽና በፌብሩዋሪ በሚውሉት የበዓል ቀናት ሰው ይጎርፋል፤ በቀሩት ቀናት ግን ገመዱ ባዶውን ሲዞር ይውላል። በገና ሳምንት ዝናብ ከዘነበ የዓመቱ ሒሳብ ተበላሸ ማለት ነው። ለበዓል ገበያ ብሎ በብድር ዕቃ አስገብቶ ዕቃው ከበዓሉ በኋላ የደረሰበት አስመጪ የዚህን ባለቤት ኀዘን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ በረዶን በመሣሪያ መሥራት ነው። ይህም ጥበብ በ1950 ገደማ በኮነቲከት ስቴት በሞሆክ ተራራ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ውሃንና የታመቀ አየርን በጠባብ አፍ አስወጥቶ በብርድ አየር ውስጥ በመርጨት ነጠብጣቡን ወደ በረዶ የሚለውጥ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ራሱ ውድ ነው። አንድ ሄክታር ተዳፋት 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው በረዶ ለመሸፈን 1,500,000 ሊትር ያህል ውሃ ይፈለጋል። ኩሬ መቆፈር፣ ቧንቧ መዘርጋት፣ ፓምፕና የአየር ማመቂያ መግዛት፣ የኤሌክትሪክ ወይም የናፍጣ ዋጋ መክፈል ግዴታ ይሆናል። ከዚህም ሁሉ በኋላ ሌሊቱ በቂ ብርድ ከሌለው መሣሪያው የሚያወጣው ውሃ ብቻ ነው። ትልቁ ኩባንያ ይህን ወጪ በብዙ ተራሮች ላይ ያከፋፍለዋል፤ አንድ ኮረብታ ብቻ ያለው ሰው ግን ሁሉን በአንድ ትከሻው ይሸከማል።

ሁለተኛው ምክንያት ኢንሹራንስ ነው። በ1974 በቬርሞንት በሚገኝ አንድ ትልቅ የስኪ ተራራ ላይ አንድ ጀማሪ ተንሸራታች በበረዶ የተሸፈነ ቁጥቋጦ መንሸራተቻውን ጠልፎት ወደቀና ሽባ ሆነ። ፍርድ ቤትም 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፈለው ፈረደ፤ በ1978 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። አካሉን ላጣ ሰው ካሣ መፈረዱን የሚነቅፍ አይኖርም። ይሁን እንጂ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከዚያ ወዲህ የሚያስከፍሉትን ዋጋ አናሩት። የቬርሞንት ምክር ቤት በዚያው ዓመት ስፖርተኛ ከስፖርቱ የማይለየውን አደጋ ዐውቆ እንደ ገባበት የሚቆጥር ሕግ ቢያወጣም፣ ዋጋው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። አደጋው የደረሰው በትልቅ ተራራ ላይ ሲሆን ዕዳውን ከፍለው መዝለቅ ያልቻሉት ግን ትንንሾቹ ኮረብታዎች ሆኑ። በንግድ ዓለም ትልቁ ሲያስነጥሰው ትንሹ በሳንባ ምች መታመሙ የተለመደ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የቲኬት አሻሻጥ መለወጥ ነው። የዚህ ታሪክ መነሻው አስደናቂ ነው። በአይዳሆ ስቴት በቦይዚ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ቦገስ ቤዚን የተባለው ሜዳ በ1942 የተከፈተ፣ ለትርፍ ባልተቋቋመ ማኅበር የሚተዳደር ነው። በ1998 የማኅበሩ ኃላፊዎች 500 ዶላር ያህል ይሸጥ የነበረውን የሙሉ ወራት ቲኬት፣ በረዶ ከመውረዱ በፊት ለሚገዛ ሰው በ199 ዶላር እንዲሸጥ አደረጉ። ቀድሞ ጥቂት ሺህ ብቻ የነበሩት ገዢዎች ከ20,000 በላይ ሆኑ። በዚህ ዓይነት አንዲት የበረዶ ቅንጣት ሳትወርድ የዓመቱ ገቢ በባንክ ገባ። ከአንዱ ብዙ ከማትረፍ ከብዙዎች ጥቂት ጥቂት ማትረፍ እንደሚሻል የሚያውቅ ነጋዴ የዚህን ዘዴ ብልኅነት ያደንቃል።

ትላልቆቹም ይህን ትምህርት በደንብ ተማሩት። በ2008 ቬይል ሪዞርትስ የተባለው ኩባንያ በብዙ ተራሮች ላይ የሚያገለግል ኤፒክ የተባለ የሙሉ ወራት ቲኬት በ579 ዶላር አወጣ፤ በ2018 ደግሞ አልቴራ የተባለው ኩባንያ አይኮን የተባለውን ተፎካካሪ ቲኬት አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በታላላቆቹ ተራሮች የአንድ ቀን ቲኬት ከ200 ዶላር በላይ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግለው ግን ከጥቂት ቀናት ዋጋ የማይበልጥ ሆኗል። ስለዚህ ደንበኛው ገና በመስከረም ገንዘቡን ለትልቁ ኩባንያ ከፍሎ ይጨርሳል። በጃንዋሪ በመንደሩ ኮረብታ ላይ ምን ያህል ጥሩ በረዶ ቢወርድ፣ አስቀድሞ የከፈለበትን ትቶ እንደ ገና የሚከፍልበት ምክንያት አይታየውም። ትንሹ ነጋዴ የተሸነፈው በዕቃው ጥራት ሳይሆን ገንዘቡ ቀድሞ በመሰብሰቡ ነው።

እዚህ ላይ ከምክንያቶቹ ሁሉ ይልቅ ችላ የተባለ አንድ ጉዳይ መነሣት አለበት። የስኪ ሜዳ ባለቤት በደጁ የሚቀበለው ገንዘብ ኮረብታው ወደ ከተማው ከሚያመጣው ገንዘብ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ነው። ሁለት ልጆቹን ይዞ ከሩቅ የመጣ አባት ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ይበቃል። ከከተማው መግቢያ ቤንዚን ይቀዳል፤ ልጁ የረሳውን ጓንት ይገዛል፤ ጫማና መንሸራተቻ ይከራያል፤ በቀትር ምሳ፣ በማታ ራት ይበላል፤ ከደከመውም በሆቴል ያድራል። ከነዚህ ሁሉ ክፍያዎች ለኮረብታው ባለቤት የሚደርሰው የቲኬቱ ዋጋ ነው። የቀረውን የሚወስዱት ባለነዳጁ፣ ባለሱቁ፣ ባለምግብ ቤቱና ባለሆቴሉ ናቸው።

እንግዲህ በሒሳብ ዐይን ሲታይ የከተማው ነጋዴዎች ሁሉ የኮረብታው ሸሪኮች ናቸው ማለት ነው። ሆኖም እንግዳ የሆነ ሽርክና ነው፤ ከትርፉ ይካፈላሉ፣ ከኪሣራው ግን አይካፈሉም። በረዶ በሞላበት ዓመት ሁሉም ያተርፋሉ፤ በረዶ በጠፋበት ዓመት ማንሻውን፣ ብድሩንና ኢንሹራንሱን ይዞ የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ያ አንድ ሰው አርጅቶ ወይም ታክቶት በሩን ሲቆልፍ ከተማው በሙሉ ተሰብስቦ ያዝናል፤ ጋዜጣም የልጅነት ትዝታ ይጽፋል። ነገር ግን ዕንባ ዕዳ አይከፍልም። ባለሱቁ ያን ጊዜ የሚያወጣውን የኀዘን ቃል አስቀድሞ በጥቂት ገንዘብ ለውጦት ቢሆን ኖሮ ሱቁም ኮረብታውም በዳኑ ነበር።

ደግሞም ትንሹ ኮረብታ ለመንደሩ ብቻ ሳይሆን ለንግዱ ሁሉ ደንበኛ የሚያፈራ መደብ ነው። ማንም ሰው ስኪን ከታላቁ ተራራ ጫፍ ላይ አይጀምርም፤ ከቤቱ አጠገብ፣ በርካሽ ዋጋ፣ በዝቅተኛ ተዳፋት ላይ እየወደቀ ይማራል። ይህንንም ከሁሉ አብልጠው ያወቁት ትላልቆቹ ኩባንያዎች ናቸው። ቬይል ሪዞርትስ በ2012 በሚኒሶታ አፍተን አልፕስን፣ በሚሺጋን ማውንት ብራይተንን ገዛ፤ በ2016 በዊስኮንሲን ለቺካጎ ከተማ ቅርብ የሆነውን ዊልሞትን ጨመረ፤ በ2019 ደግሞ 17 ሜዳዎች የነበሩትን ፒክ ሪዞርትስ የተባለ ኩባንያ በ264 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ከነዚህ ብዙዎቹ በታላላቅ ከተሞች አጠገብ ያሉ ዝቅተኛ ኮረብታዎች ናቸው። የተገዙትም በራሳቸው ከሚያስገኙት ትርፍ ይልቅ፣ በዚያ የተማረው ሰው ነገ ወደ ኮሎራዶ ተራሮች የሚወስደውን ቲኬት ይገዛል ተብሎ ነው። ትልቁ ነጋዴ የትንሹን ዋጋ ሲያውቅ፣ በአጠገቡ የሚኖረው ባለሱቅ አለማወቁ የሚያስገርም ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ቢፈለግ በቬርሞንት በሪችመንድ መንደር ይገኛል። በ1961 ሚስተር ሚኪ ኮክራንና ባለቤታቸው ከቤታቸው ጓሮ ባለው ተዳፋት ላይ ገመድ ዘርግተው አራቱን ልጆቻቸውንና የጎረቤት ልጆችን ማሠልጠን ጀመሩ። አራቱም ልጆች ለአሜሪካ ብሔራዊ የስኪ ቡድን ተመረጡ፤ ባርባራ አን ኮክራን በ1972 በሳፖሮ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች፤ በ2022 በቤጂንግ ደግሞ ልጅዋ ራያን የብር ሜዳሊያ አገኘ። ያ የጓሮ ኮረብታ በ1998 ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሆኖ እስከ ዛሬ የአካባቢውን ልጆች ያስተምራል። ትልቅ ሆቴልም ረጅም ማንሻም ሳይኖረው ከብዙ ታላላቅ ተራሮች የበለጠ ፍሬ አፍርቷል።

ከመዘጋት የመዳኛው መንገድ ግን ምንድን ነው? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ከዳኑት ብዙዎቹ የዳኑት ሸክሙን በማከፋፈል ነው። በቬርሞንት በ1948 የተከፈተው ማድ ሪቨር ግሌን በ1995 ባለቤቱ ለመሸጥ በፈለጉ ጊዜ ሊገዙት ከሚችሉት የውጭ ባለሀብቶች ይልቅ ደንበኞቹ እንዲረከቡት ተደረገ። ተንሸራታቾቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቁመው አክሲዮን እየገዙ የሜዳው ጌቶች ሆኑ። የዚያ ተራራ ማንሻ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚያወጣ ባለ አንድ ወንበር ነበር። በ2007 ማደስ ግድ በሆነ ጊዜ አባሎቹ ሁለት ሰው የሚያወጣ ዘመናዊ ማንሻ መትከል ሲችሉ አሮጌው እንዲታደስ ወሰኑ፤ ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውንም ወጪ በመዋጮ ሸፈኑ። የውጭ ሰው ይህን ሞኝነት ይለው ይሆናል። ነገር ግን ማንሻው ጥቂት ሰው ስለሚያወጣ ተዳፋቱ አይጨናነቅም፤ በረዶውም ቶሎ አይገፈፍም። ባለቤቱና ደንበኛው አንድ ሰው ሲሆን የሚፈለገውን ዕቃ ለመገመት ሌላ ጥናት አያስፈልግም።

ሁለተኛው መንገድ የነጋዴዎች ኅብረት ነው። በ2019 ኢንዲ የተባለ ቲኬት ወጣ። ይህም ቲኬት በልዩ ልዩ ባለቤቶች እጅ ያሉትን ትንንሽ ሜዳዎች አስተሳስሮ፣ ገዢው በእያንዳንዱ ሜዳ ሁለት ሁለት ቀን እንዲንሸራተት የሚያደርግ ነው፤ ከገቢውም አብዛኛው እንደየጉብኝቱ ብዛት ለሜዳዎቹ ይከፋፈላል። ማንኛቸውም ሜዳቸውን አልሸጡም፤ ስማቸውንም አልለወጡም፤ ብቻ አንድ ላይ ሆነው ትልቁ ነጋዴ ለብቻው የሚያደርገውን አደረጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የሚባለው ለዚህ ነው።

የዚህም ኅብረት ጥቅም ወዲያው ታይቷል። ከላይ የተጠቀሰው የአካፋ እጀታው ኮረብታ፣ ብላክ ማውንቴን፣ በ2023 በኦክቶበር ወር በሠራተኛ እጥረት፣ በኃይል ዋጋ መናርና በአየሩ አለመታመን ምክንያት በዚያ ዓመት እንደማይከፈት አስታወቀ። ከ1935 ጀምሮ የኖረ ሜዳ በጥቂት መስመር ማስታወቂያ ሊያልቅ ነበር። ነገር ግን የኢንዲ ቲኬት ባለቤቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ደርሰው ሥራውን ለማካሄድ ተስማሙ፤ ሜዳውም በዚያው ወራት ተከፈተ። ከዚያም ወዲህ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበርነት የሚዛወርበት ዕቅድ ይፋ ሆነ። እዚህ ላይ የሚስተዋለው ነገር፣ በዚያ ጥቅምት በረዶው እንዳለፈው ዓመት ያው ከሰማይ የሚጠበቅ ሆኖ ሳለ የተለወጠው የሥራው አያያዝ ብቻ መሆኑ ነው።

በሌላ ወገን ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ብርቱ ክርክር አላቸው። «የሚሞተውን ነገር በመዋጮ ማቆየት ሞቱን ማራዘም እንጂ ማዳን አይደለም፤ ዓለም እየሞቀ ሲሄድ ዝቅተኛ ኮረብታ ላይ የሚጣለው ገንዘብ ወደ ባሕር የተጣለ ነው» ይላሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በፈረንሳይ አገር በሴን ሌዛልፕ የሚገኘው ለ ግራን ፒዪ የተባለው ሜዳ በረዶ እያነሰው፣ ማዘጋጃ ቤቱም ኪሣራውን መሸፈን እየከበደው ሄደ። በ2024 በኦክቶበር ወር የአካባቢው ነዋሪዎች በድምፅ እንዲወስኑ ተጠየቁ፤ ከመቶ 71 ያህሉም ማንሻዎቹ እንዲቆሙ ፈረዱ። ልጆቻቸው የተማሩበትን ሜዳ በገዛ እጃቸው ዘጉ።

ይሁን እንጂ ይህ ምሳሌ በደንብ ሲመረመር ከላይ የተባለውን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። የዚያ መንደር ሰዎች ሒሳቡ ቀርቦላቸው፣ ተከራክረው፣ ዐውቀው ወሰኑ። በረዶ በማጣት የሚሞትን ኮረብታ ገንዘብ አያድነውም፤ ከሞተም ገንዘቡን በጊዜ ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር አስተዋይነት ነው። ነገር ግን በረዶ እያለው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ በማጣት የሚሞትም ኮረብታ አለ። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሁለቱም በር ተቆልፏል፣ የሁለቱም ገመድ ቆሟል። ልዩነታቸው የሚታወቀው መዝገቡ ሲገለጥ ብቻ ነው። በብዙ ቦታ የደረሰው ጥፋት መዝገቡ ሳይገለጥ፣ ባለቤቱ ከኩራት የተነሣ ችግሩን ሳይናገር፣ ነጋዴዎቹም ሳይጠይቁ መቅረታቸው ነው። ማስታወቂያው በበሩ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ሠራተኛው ተበትኗል፤ ኢንሹራንሱ ተቋርጧል፤ ደንበኛውም የሌላውን ቲኬት ገዝቷል።

ስለዚህ ትንሽ የስኪ ሜዳ ያለው ከተማ ነጋዴዎች ማድረግ የሚገባቸው ነገር ከባድ አይደለም። በየዓመቱ በረዶ ከመውረዱ አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው ሒሳቡን ይመልከቱ። ኪሣራው ከአየሩ ነው ወይስ ከገንዘብ እጥረት ብለው ይለዩ። የሚድን ከሆነ እያንዳንዱ ባለሱቅና ባለሆቴል ለደንበኞቹ የሚሆን ቲኬት በብዛት አስቀድሞ ይግዛ፤ ወይም አክሲዮን ይውሰድ፤ ወይም ከበዓል ገቢው ጥቂቱን ለክፉ ዓመት መጠባበቂያ ያዋጣ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ አስመጪ ለመርከብ ጭነቱ ኢንሹራንስ እንደሚገባ ሁሉ፣ ባለሱቅም ደንበኛ ለሚያመጣለት ነገር የሚከፍለው ዋስትና ነው። የማይድን ከሆነ ደግሞ እውነቱን አስቀድሞ ማወቁ በብድር ዕቃ ከማከማቸት ያድነዋል።

ስኪ በማይታወቅበት አገር የሚነግደውም ሰው ይህን ነገር የሩቅ ወሬ ብሎ ሊያልፈው አይገባም። በየሱቁ ደጃፍ ደንበኛ የሚያመጣ፣ ባለሱቁ ግን አንድ ሳንቲም ያላወጣበት አንድ ነገር ይኖራል። ለአንዱ የሳምንቱ ገበያ ነው፤ ለሌላው የአውቶቡስ ማቆሚያው ነው፤ ለሦስተኛው ከጎኑ ያለች ትንሽ ወፍጮ ቤት ናት። ወፍጮዋ ስታቆም እህል አስፈጪዋ ሌላ መንደር ትሄዳለች፤ ጨውና ሳሙናዋንም ከዚያው ትገዛለች። የወፍጮዋ ባለቤት ድንጋይ መለወጫ ገንዘብ አጥቶ እንደ ነበር ባለሱቁ የሚሰማው ከተዘጋች በኋላ ከሆነ፣ የጠፋው የጎረቤቱ ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባው በወሩ መጨረሻ የራሱን መዝገብ ሲደምር ነው።